ኮምፒውተራችሁ ጠቅ ጠቅ ማለት ከጀመረ፦ መጀመሪያ ፋይሉን አትርፉ፣ ምርመራው ይደርሳል

ኮምፒውተር ሲሠራ ፍጹም ዝም አይልም። ማቀዝቀዣ ፋኑ ሽው ይላል፤ ሀርድ ዲስኩ ፋይል ሲፈልግ በቀስታ ይንኮሻኮሻል። እነዚህን ድምፆች ጆሯችን ስለለመዳቸው አናስተውላቸውም። አንድ ቀን ግን አዲስ ድምፅ ይመጣል። ጠቅ ጠቅ፣ ፍጭት፣ ፉጨት፣ ወይም ማሽኑ ሲከፈት ተደጋጋሚ ጢጥታ ይሰማል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ "አርጅቶ ነው" ብሎ ሥራውን ይቀጥላል፣ ወይ ጥገና ቤት ወስዶ "ፎርማት አድርጉልኝ" ይላል። ሁለቱም ፋይል ያስጠፋሉ።

የዕቃው ዋጋ ትልቁ ጉዳት አይደለም። ሀርድ ዲስክ ገንዘብ ሲገኝ ሌላ ይገዛል። በውስጡ ያለው ግን ብዙ ጊዜ አይተካም። የመድረሳው የተማሪዎች መዝገብ፣ የዕድሩ የመዋጮ ሒሳብ፣ የኒካሕ ፎቶ፣ ሁለት ዓመት የተደከመበት የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ከድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ የመንዙማ ቅጂም ሊኖር ይችላል፤ ካሴቱ ዛሬ ተበላሽቶ ከሆነ ያ ፋይል በዓለም ላይ የቀረው ብቸኛ ቅጂ ነው። የብዙ ሰው መዝገብ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ነገሩ የግል ንብረት መሆኑ ይቀርና አማና ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ድምፆቹን እንዴት እንደምንለይ፣ አደገኛው ድምፅ ሲመጣ ምን እንደምናደርግና ምን እንደማናደርግ፣ እንዲሁም ድምፁ ከመምጣቱ በፊት መጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) እንዴት እንደምንይዝ እናያለን።

ሀርድ ዲስክ ለምን ድምፅ ያሰማል?

የተለመደው ሀርድ ዲስክ በውስጡ እንደ ሲዲ ክብ የሆኑ፣ እጅግ ለስላሳ ሰሌዳዎች አሉት። ሰሌዳዎቹ በሞተር ይሽከረከራሉ። በላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 5,400 ዙር፣ በዴስክቶፕ ላይ 7,200 ዙር ይዞራሉ። 7,200 ዙር ማለት በአንዲት ሰከንድ 120 ጊዜ መዞር ማለት ነው። በሰሌዳው ላይ የሚያነብና የሚጽፍ ትንሽ ራስ አለ። ይህ ራስ ሰሌዳውን ሳይነካ፣ ሽክርክሪቱ በፈጠረው ስስ አየር ላይ ይንሳፈፋል። በራሱና በሰሌዳው መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ናኖሜትር በታች ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር እንደሚጠጋ ስናስብ ክፍተቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይገባናል። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለዚህ ራስ እንደ ተራራ ናት።

ራሱ ከተጎዳ፣ ሰሌዳው ከተጫረ ወይም ሞተሩ ከደከመ ድምፁ ይለወጣል። ዲስክ እየሞተ ከሆነ አንዳንድ ጊዜ በጆሮ የሚታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ድምፁን ለዩ

በመጀመሪያ ብዙም ከማያስፈሩት እንነሳ።

*ከፍ ያለ ሽውታ።* ፋኑ ከወትሮው በላይ እየሮጠ ነው። ወይ አቧራ ደፍኖታል፣ ወይ ኮምፒውተሩ በጣም ሞቋል። ላፕቶፕን አልጋ ወይም መጅሊስ ላይ አስቀምጦ መሥራት ከሥሩ ያለውን የአየር መግቢያ ይደፍነዋል። ጠንካራና ለጥ ያለ ነገር ላይ አስቀምጡት፤ ድምፁ ከቀነሰ ምክንያቱን አገኛችሁት።

*ፈጣንና እኩል ትርትርታ።* የሆነ ኬብል የፋኑን ክንፍ እየነካ ሊሆን ይችላል። የፋኑ ፍጥነት ሲጨምር ትርትርታውም አብሮ ይፈጥናል። በዴስክቶፕ ላይ ኬዙን ከፍቶ ኬብሉን በማሰር ይፈታል።

*ጠዋት ሲከፈት የሚያጉረመርም፣ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ።* ብዙ ጊዜ የፋኑ ኩሽኔታ ማለቁን ያሳያል። ፋን በቀላሉ ይቀየራል፤ ግን አትዘግዩ። ፋኑ ቆሞ ከቀረ ሙቀቱ ሌላውን ክፍል ይጎዳል።

*እንደ ትንኝ ቀጭን ፉጨት።* ከባድ ፕሮግራም ወይም ጌም ሲከፈት የሚመጣና ሲዘጋ የሚጠፋ ከሆነ፣ በኤሌክትሪክ ክፍሎቹ ውስጥ ያሉ የሽቦ ጥቅሎች ሲንቀጠቀጡ የሚያወጡት ድምፅ ነው። ጆሮ ያሰለቻል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም።

*ሲከፈት ጢጥ ጢጥ የሚልና ስክሪኑ ጥቁር የሆነ።* ይህ ማዘርቦርዱ ራሱን ሲፈትሽ ያገኘውን ችግር የሚናገርበት መንገድ ነው። ጢጥታው ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ረጅምና አጭሩን ለይታችሁ ጻፉ። ትርጉሙ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ከማሽኑ መመሪያ ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምክንያት ከቦታው የተንቀሳቀሰ ወይም የቆሸሸ ራም ነው። ተጭኖ የቀረ የኪቦርድ ቁልፍም ሊሆን ይችላል። ጢጥታው የሚመጣው ከማዘርቦርዱ ስለሆነ ፋይሎቻችሁ አብዛኛውን ጊዜ በደህና ናቸው።

*ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ሲሰካ ጢጥ እያለ የማይከፈት።* ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ማነሱ ነው። አጭርና ጤነኛ ኬብል ተጠቅማችሁ፣ በዴስክቶፕ ላይ ከሆነ ከኋላ ባለው መሰኪያ ሞክሩት። ሁለተኛው ሞተሩ ተይዞ መዞር ማቃቱ ነው። በሌላ ኬብልና በሌላ ኮምፒውተር ላይም ያው ከሆነ አታስገድዱት፤ ነቅላችሁ አስቀምጡት።

አሁን ወደ አደገኞቹ እንምጣ።

*በየጥቂት ሰከንዱ የሚደጋገም ጠቅታ።* ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይልና ትንሽ ያርፋል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ራሱ ማንበብ ያለበትን ቦታ አጥቶ ወደ መነሻው እየተመለሰ ደግሞ ደጋግሞ እየሞከረ ነው። ባለሙያዎች "የሞት ጠቅታ" ይሉታል። ስሙ በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዮሜጋ ዚፕ ድራይቮች ላይ በታየው ብልሽት ታወቀና በኋላ ለሀርድ ዲስክም ተለመደ። ኮምፒውተሩ ስታጠፉት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማው ጠቅታ ግን ራሱ ወደ ማረፊያው ሲመለስ የሚያሰማው ጤናማ ድምፅ ነው።

*ፍጭት ወይም ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚመስል ድምፅ።* ድምፁ ከዲስኩ ከሆነ ራሱ ሰሌዳውን እየነካ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ዙር ፋይል የተጻፈበትን ገጽ ይፍቃል። ወዲያው አጥፉት። "አንድ ፋይል ብቻ ልገልብጥ" ማለት እንኳን አያስፈልግም።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማረጋገጥ

ድምፁ መቼ እንደሚመጣ አስተውሉ። ሲከፈት ብቻ ነው? ፋይል ሲገለበጥ ነው? ወይስ ምንም ሳይሠራም ይሰማል? ፋይል ሲከፈትና ሲገለበጥ የሚብስ ድምፅ ወደ ዲስክ ያመለክታል። ማሽኑ ሲሞቅ የሚብስ ወደ ፋን ያመለክታል። ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግቶ ማዳመጥም ቦታውን ለመለየት በጣም ይረዳል።

በዴስክቶፕ ላይ እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ይህን አድርጉ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ከመብራት ንቀሉት። ኬዙን ክፈቱና ወደ ሀርድ ዲስኩ የሚሄዱትን ሁለት ኬብሎች፣ የኤሌክትሪኩንና የዳታውን፣ አውጡ። ከዚያ እንደገና አብሩት። ዊንዶውስ አይነሳም፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ድምፁ ከጠፋ የሚጮኸው ዲስኩ ነበር። ድምፁ ካለ ግን ፋን ወይም ፓወር ሰፕላይ ነው። ይህ ሙከራ ዲስኩን ስለማያሠራው አይጎዳውም።

ፋን ስታጸዱ ኮምፒውተሩ ከመብራት የተነቀለ ይሁን። ክንፉ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙትና በለስላሳ ብሩሽ አጽዱት። ፓወር ሰፕላዩን ግን በምንም ምክንያት አትክፈቱ። ከመብራት ተነቅሎም ቢሆን በውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ተጠራቅሞ ይቆያል።

ዲስኩ ስለ ራሱ ምን ይላል?

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚሠሩ ሀርድ ዲስኮች "ስማርት" የሚባል ራስን የመከታተያ ሥርዓት አላቸው። በዊንዶውስ ላይ "ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ" የተባለው ነፃ ፕሮግራም መረጃውን ያሳያል። ሰማያዊ ደህና፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ ብልሽት ነው። በማክ ላይ "ዲስክ ዩቲሊቲ"፣ በሊኑክስ ላይ "ስማርትሞንቱልስ" ይሠራሉ።

ከዝርዝሩ ውስጥ ሦስት መስመሮችን ፈልጉ። የመጀመሪያው ተበላሽተው በመጠባበቂያ ቦታ የተተኩ ሴክተሮች ቁጥር ነው። ሁለተኛው አልነበብ ብለው ተራ የሚጠብቁት ነው። ሦስተኛው ፈጽሞ ያልተነበቡት ነው። እነዚህ ከዜሮ በላይ ከሆኑ፣ በተለይም ከሳምንት ሳምንት እየጨመሩ ከሄዱ፣ ዲስኩ መንገድ ጀምሯል። የዳታ ዝውውር ስሕተትን የሚቆጥረው መስመር ብቻ ከጨመረ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኬብል ነው።

በዚህ መረጃ ምን ያህል መተማመን ይቻላል? የጉግል ተመራማሪዎች በ2007 ከ100,000 በላይ በሚሆኑ ሀርድ ዲስኮች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛ፣ በፍተሻ የመጀመሪያው ስሕተት የታየበት ዲስክ፣ በቀጣዮቹ 60 ቀናት የመበላሸት ዕድሉ ስሕተት ካልታየበት 39 እጥፍ ነበር። ሁለተኛ፣ ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዋናዎቹ አራት የማስጠንቀቂያ መስመሮች ላይ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ነው የተበላሹት።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ "ታሟል" ካለ እመኑት። "ደህና ነው" ካለ ግን ባክአፕ አያስፈልግም ማለት አይደለም።

ዲስኩ እየሞተ ከሆነ እነዚህን አታድርጉ

ፋይል ከሚጠፋባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚያጡት በብልሽቱ ብቻ ሳይሆን ከብልሽቱ በኋላ በተደረገው ነገር ነው።

• ፎርማት አታድርጉ፤ ዊንዶውስም እንደገና አትጫኑ። አዲስ የሚጻፈው ነገር በአሮጌው ፋይል ላይ ይጻፋል።

• የዊንዶውስን የዲስክ ማስተካከያ ወይም ዲፍራግ አታስኪዱ። እነዚህ ለጤነኛ ዲስክ የተሠሩ ናቸው። የታመመ ዲስክን ለሰዓታት ያሯሩጡታል፤ በላዩም ይጽፋሉ።

• ማጥፋትና ማብራት አትደጋግሙ። ደካማ ሞተርና የተጎዳ ራስ ከባድ ፈተና የሚገጥማቸው ሲነሱ ነው።

• አትምቱት፤ ፍሪጅ ውስጥም አታስገቡት። የፍሪጁ ነገር የቆየ ወሬ ነው። ዲስኩ ሲወጣ በውስጡ የሚፈጠረው እርጥበት ሰሌዳውን ይጎዳል።

• የዲስኩን ክዳን አትክፈቱ። ቤት ውስጥ ያለ አየር በዓይን በማይታይ አቧራ የተሞላ ነው። ዲስክ የሚከፈተው አየሩ በተጣራ ልዩ ክፍል ብቻ ነው።

ፋይሉን የማትረፍ ቅደም ተከተል

ዲስኩ ፈጭቶ ከሆነ ወይም ኮምፒውተሩ ጭራሽ የማያየው ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። ዳታ የማውጣት ልዩ ሙያና መሣሪያ ላለው ሰው ይቆይ። ጠቅ ጠቅ እያለም ቢሆን ፋይሎቹ የሚከፈቱ ከሆነ ግን ዕድል አላችሁ። ዕድሉ ደግሞ ጊዜ የተወሰነለት ነው።

1. ኮምፒውተሩን ከማብራታችሁ በፊት መቀበያውን አዘጋጁ። በቂ ባዶ ቦታ ያለው፣ ጤነኛ መሆኑ የታወቀ ኤክስተርናል ዲስክ ይሁን።

2. በወረቀት ላይ የቅድሚያ ዝርዝር ጻፉ። ከሁሉ በፊት የማይተኩት ይምጡ። መዝገብና ሒሳብ፣ የራሳችሁ ጽሑፍ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ ሌላ ቅጂ የሌለው ድምፅ። ፊልም፣ ፕሮግራምና ከኢንተርኔት የወረደ ነገር የመጨረሻ ናቸው።

3. ፎልደር በፎልደር ገልብጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትምረጡ። "ኮፒ" ተጠቀሙ እንጂ "ከት" አትጠቀሙ። አንዱ ፎልደር ተይዞ ከቀረ ትታችሁት ወደ ቀጣዩ እለፉ። በመጨረሻ ትመለሱበታላችሁ።

4. ዊንዶውስ የማይነሳ ከሆነ ዲስኩን አውጥታችሁ በዩኤስቢ ኬዝ ወይም አስማሚ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ማውጣት ካልተቻለ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱን በፍላሽ አዘጋጅታችሁ፣ ሳትጭኑት ከፍላሹ አስነሱና ፋይሎቹን ከዚያ ገልብጡ።

5. የተበላሸ ሴክተር በብዛት ካለው የሊኑክስን አጠቃቀም የሚያውቅ ሰው "ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው" የተባለውን ነፃ ፕሮግራም እንዲጠቀም አድርጉ። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይገለብጣል፤ አስቸጋሪውን ቦታ መዝግቦ በኋላ ይመለስበታል። መብራት ቢጠፋም ካቆመበት ይቀጥላል። ጥንቃቄው አንድ ነው። ምንጩና መቀበያው ከተቀያየሩ በጤነኛው ዲስክ ላይ ያለው ይጠፋል። ትእዛዙ ከመሰጠቱ በፊት ሁለቴ ይታይ።

6. ሲጨርስ የተገለበጡትን ፋይሎች በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩ። ስማቸው መታየቱ ብቻ መትረፋቸውን አያረጋግጥም።

ጥገና ቤት ስትወስዱት

"ዳታው ያስፈልገኛል፤ ሳትጠይቁኝ ፎርማት እንዳይደረግ" በሉ። በቃል ብቻ ሳይሆን በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። ችግሩ የፋን፣ የስክሪን ወይም የኪቦርድ ከሆነና ዲስኩን በቀላሉ ማውጣት ከቻላችሁ፣ ቤት አውጥታችሁት ኮምፒውተሩን ብቻ ውሰዱ። ፋይሉ ከመጥፋት ይድናል፤ የቤተሰብ ፎቶና የግል ሰነድም የማይመለከተው ሰው ዓይን አይወድቅበትም። ዲስኩ ከተቀየረም አሮጌውን ተቀበሉ። ፎርማት የተደረገ ዲስክ ባዶ ይመስላል እንጂ በውስጡ ያለው በቀላል ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ዲስክ ስትሸጡም ይህን አስታውሱ።

ድምፅ የሌለው ሞት

በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ያለው ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ፈጣንና ጸጥ ያለ ነው፤ ላፕቶፑ ሲወድቅም ከሀርድ ዲስክ የተሻለ ይቋቋማል። ግን ሲበላሽ ጠቅ ጠቅ ብሎ አያስጠነቅቅም። ትናንት ሲሠራ የነበረ ዛሬ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። በስሕተት የተሰረዘ ፋይልንም ከኤስኤስዲ መመለስ ከሀርድ ዲስክ ይልቅ ይከብዳል። ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የተሰረዘውን ቦታ ኤስኤስዲው ቶሎ እንዲያጸዳው ይነግረዋል። እናም "ድምፅ ሲያሰማ እገለብጣለሁ" የሚል ዕቅድ ለኤስኤስዲ አይሠራም።

ፍላሽም እንደዚሁ ነው። ፍላሽ ፋይል ማጓጓዣ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። በተለይ በገበያ ላይ "2 ቴራባይት" ተብሎ በርካሽ ከሚሸጠው ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ትክክለኛ መጠኑ ጥቂት ጊጋባይት ሆኖ ለኮምፒውተሩ ውሸት እንዲናገር የተሠራ ነው። ከእውነተኛ መጠኑ በላይ ስትገለብጡ ምንም ስሕተት አያሳይም፤ የፋይሉ ስምም ይታያል፤ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። አዲስ ፍላሽ ወይም ዲስክ ስትገዙ "ኤች2ቴስትደብሊው" በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ሞልታችሁ ፈትኑት። ከዚያ በፊት አትመኑት።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ፋይልን ከ"ሲ" ወደ "ዲ" መገልበጥ ባክአፕ አይደለም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ የአንድ ሀርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ዲስኩ ሲሞት አብረው ይሞታሉ።

ፎቶግራፈሩ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው ቀላል ደንብ 3-2-1 ይባላል። ከማይተካ ፋይል ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ። ቅጂዎቹ በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች ላይ ይሁኑ። አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ሌባ ወይም እሳት ቤት ሲገባ ላፕቶፑንና አጠገቡ ያለውን ኤክስተርናል ዲስክ አይለይም።

ከቤት ውጭ ያለ ቅጂ ምን ያህል እንደሚያድን ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ፊልም ድርጅት በ1998 አይቷል። "ቶይ ስቶሪ 2" የተባለውን ፊልም በሚሠሩበት ወቅት በስሕተት በተሰጠ ትእዛዝ አብዛኛው የፊልሙ ፋይል ተሰረዘ። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ በአግባቡ እየሠራ እንዳልነበረ ታወቀ። ሥራውን ያዳነችው የቴክኒክ ኃላፊዋ ጌሊን ሰስማን ናት። ወልዳ ከቤቷ ትሠራ ስለነበር በቤቷ ኮምፒውተር ላይ ቅጂ ነበራት። ያን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ያለው ድርጅት ባክአፑን ሳይፈትሽ ከቀረ፣ የእኛም መፈተሽ አለበት። በየጊዜው ከባክአፑ ላይ ጥቂት ፋይሎችን አውጥታችሁ ክፈቱ።

ሦስቱን ቅጂዎች በእኛ አቅም እንዴት እንይዛቸው?

*የመጀመሪያው* በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ራሱ ነው።

*ሁለተኛው* ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ነው። 500 ጊጋባይት በዩኤስቢ 2.0 ለመገልበጥ 4 ሰዓት ተኩል ወይም 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል። በዩኤስቢ 3.0 አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የሚገለበጠው አዲሱና የተለወጠው ብቻ ነው። በዊንዶውስ "ፋይል ሂስትሪ"፣ በማክ "ታይም ማሽን" ይህን ራሳቸው ይሠራሉ። ፋይል ሂስትሪ ካልነገራችሁት በቀር በ"ዲ" ላይ ያሉ ፎልደሮችን አይወስድም፤ ፋይላችሁን እዚያ የምታስቀምጡ ከሆነ ጨምሩለት። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ዲስኩን ንቀሉት። በግንቦት 2017 "ዋናክራይ" የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ እንደታየው፣ እንዲህ ያለ ቫይረስ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ያገኘውን ባክአፕም ይቆልፋል። መሳቢያ ውስጥ ያለ ዲስክ ላይ ግን አይደርስም።

*ሦስተኛው* ከቤት ውጭ ያለው ነው። ሁሉን ነገር በኢንተርኔት መላክ ለብዙዎቻችን አይሆንም። በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 500 ጊጋባይት ለመጫን ሳይቋረጥ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በኢንተርኔት የማይተካውን ብቻ ላኩ። ጉግል 15 ጊጋባይት (ከጂሜይል ጋር የሚጋራ)፣ ዋንድራይቭ 5 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣሉ። የአንድ መድረሳ መዝገብና ሒሳብ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። ለፎቶና ለድምፅ ደግሞ ሌላ ኤክስተርናል ዲስክ ገዝቶ በወንድም፣ በእህት ወይም በሚታመን ዘመድ ቤት ማስቀመጥና በየጥቂት ወሩ ማደስ ይሻላል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለእረፍት ሲመጣ አንድ ቅጂ ይዞ ቢመለስም ጥሩ ነው። ዲስኩን በሚጫን ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ፣ በለስላሳ ነገር ጠቅልሎ ይያዘው።

ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክ ብዙዎቻችን የለመድነው መንገድ ነው። እንደ ተጨማሪ ቅጂ ይጠቅማል፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይልም ይቀበላል። ፎቶ ሲላክ ግን "እንደ ፋይል" ካልተላከ ጥራቱ ይቀንሳል። አካውንቱ በስልክ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ሲሙ ከጠፋ መግባት ሊያስቸግር ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ካልተከፈተም በራሱ ይሰረዛል። ብቸኛው ቅጂ እዚያ አይሁን።

እንዲሁም ማመሳሰልና ባክአፕ አንድ እንዳልሆኑ እንወቅ። በስልክና በኮምፒውተር ላይ እኩል እንዲታይ የተደረገ ፎልደር በአንዱ ላይ ሲሰረዝ በሌላውም ይሰረዛል። ባክአፕ የትናንቱን መመለስ የሚችል መሆን አለበት።

ከቤት የሚወጣ ዲስክ የግል ነገር ካለበት በይለፍ ቃል ይቆለፍ። በዊንዶውስ ፕሮ "ቢትሎከር"፣ በማንኛውም ኮምፒውተር "ቬራክሪፕት" ይሠራሉ። የመክፈቻ ቁልፉን በወረቀት ጽፋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ቁልፉ ከጠፋ ፋይሉን እናንተም አትከፍቱትም።

የመብራት ነገር

መብራት ድንገት ሲጠፋ እየተጻፈ ያለ ፋይል ግማሹ ላይ ይቀራል። ሲመለስ ደግሞ አንዳንዴ ከመጠን በላይ ኃይል ይዞ ይመጣል። ስታቢላይዘር የመብራቱን መጠን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን አያቆየውም። ያን የሚያደርገው ዩፒኤስ ነው። ለዴስክቶፕ ፋይል አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ከሰጠ በቂ ነው። ዩፒኤስ ከሌለ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ እስኪረጋጋም ጠብቁ። ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ባክአፕ አትሥሩ። ኤክስተርናል ዲስክንም "ኢጀክት" ሳትሉ አትንቀሉ፤ እየዞረ ሳለም አታንቀሳቅሱት።

ዛሬ ማታ የሚሠራ

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ሁሉን በአንድ ቀን መጨረስ አይጠበቅባችሁም። ዛሬ ማታ ወረቀት ያዙና "ይህ ኮምፒውተር ነገ ባይነሳ ምን አጣለሁ?" ብላችሁ ጻፉ። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ከሚገመተው ያጥራል። ያንን ብቻ ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ከዚያ ለባክአፕ ቋሚ ቀን ያዙ፤ ለምሳሌ ዘወትር ሐሙስ ማታ። የጀመዓ፣ የመድረሳ ወይም የዕድር መዝገብ የያዘ ሰው ደግሞ ቅጂው የት እንዳለና እንዴት እንደሚከፈት ቢያንስ ለአንድ ሌላ ኃላፊ ይንገር። ዲስክ ይበላሻል፤ ሰውም ይታመማል፣ አገር ይለቃል። መዝገቡ ግን ከዲስኩም ከያዘውም ሰው በኋላ ለባለቤቶቹ መድረስ አለበት።